ኮች፣ ሜንተር፣ አማካሪ ወይስ አሰልጣኝ? ከመክፈላችሁ በፊት

ሊንክድኢን ከፍታችሁ «ኮች» ብላችሁ ፈልጉ። አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ነው። አንዱ የሁለት ቀን የሊደርሺፕ ስልጠና ይሰጣል። አንዷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ባንክ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ልምዱን ለወጣቶች ማካፈል የጀመረ ሰው ነው። አራቱም ስማቸው ሥር ኮች ብለው ጽፈዋል። የሚሸጡት ግን አራት የተለያየ ነገር ነው።

ጣጣው የሚመጣው ገዢው ላይ ነው። «ለማኔጀሮቻችን ኮች ፈልጊ» የተባለች የሰው ሀብት ባለሙያ እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ትሰበስባለች፣ ዋጋ ታወዳድራለች፣ ዝቅተኛውን ያቀረበው ያሸንፋል። ሦስቱ ያቀረቡት አገልግሎት ጭራሽ የማይገናኝ መሆኑ የሚታወቀው ክፍያው ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ እዚህ የየትኛውንም ኮቺንግ ድርጅት ስም አላነሳም፣ ማንንም አላሞግስም። መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጥ። ከዚያ ስድስት አማራጮችን እንይ፦ ኮች፣ ሜንተር፣ አማካሪ፣ አሰልጣኝ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ እና የቅርብ አለቃ። አዎ፣ አለቃም አማራጭ ነው። ከሁሉም በላይ የሚረሳውም እሱ ይመስለኛል።

## በምን እንመዝን?

አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ግን ከቀሩት አራቱ ይበልጣል።

መልሱ ማን ጋር ነው? ሠራተኛው የማያውቀው ነገር አለ ወይስ የሚያውቀውን ማድረግ ነው ያቃተው? በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ) ሂሳብ መዝጋት የማያውቅን ሰው፣ ሥራው መልስ መስጠት ሳይሆን መጠየቅ የሆነ ኮች ፊት አስቀምጣችሁ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብታስብሉት ምን ሊል ነው? ምንም አይመስለውም። አያውቀውማ! በተቃራኒው ሥራ ማካፈል እንዳለበት ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ ግን እጁ እምቢ ያለው ሰው ሌላ የሁለት ቀን ስልጠና ብታስገቡት የሚያገኘው አንድ ተጨማሪ ሰርተፍኬት ነው።

አጀንዳውን ማን ያወጣል? ዛሬ ስለ ምን እንደሚወራ የሚወስነው ድርጅቱ ነው፣ ባለሙያው ነው ወይስ ሠራተኛው ራሱ?

የተወራው የት ይደርሳል? ክፍሉ ውስጥ ይቀራል ወይስ ሪፖርት ይጻፍበታል?

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሁለት ቀን፣ ስድስት ወር፣ ዓመታት?

ብቃቱን ማን መሰከረለት? ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ አለ። ፈቃድ የማይጠይቅ ግን ራሱን የቻለ ማረጋገጫ ያለው አለ። ምንም የሌለውም አለ።

ዋጋን ሆን ብዬ እዚህ አላስገባሁትም። የተሳሳተ አገልግሎት በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው፤ ዋጋ የሚወዳደረው ምን እንደምትገዙ ካወቃችሁ በኋላ ነው።

## አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ

ነገሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ የተለመደ ጉዳይ እናስብ፣ ስድስቱም ላይ እንሞክረዋለን።

አንዲት ጎበዝ የሂሳብ ባለሙያ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ሆና ታድጋለች። ትናንት አብረዋት ማኪያቶ የሚጠጡት አምስት ባልደረቦች ዛሬ የእሷ ሠራተኞች ናቸው። ሥራ አታካፍልም። ካካፈለችም ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ እንደገና ትሠራዋለች። የወር መዝጊያ ሪፖርት መዘግየት ጀምሯል። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ በዕድሜ ብዙ ይበልጣታል፣ ሥራ ያስለመዳትም እሱ ነው። «ጋሼ» እያለች ያደገችበትን ሰው «ሪፖርቱን ለምን አዘገዩ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል እንዳልሆነ እኛ አገር ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ምን ይላል? «ኮች ይቀጠርላት።» እስቲ እንይ።

## ኮች

ኮች መልስ አይሰጥም። ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ የሰማውን መልሶ ያሳያል፣ «እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ቃል ያስገባል፣ በቀጠሮው ቀን ደግሞ ያንኑ ይጠይቃል። የሂሳብ ሙያ ማወቅ አይጠበቅበትም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት እየቆየ ለአንድ ሰዓት ያህል ይገናኛሉ፣ ሥራው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ያልቃል። መጨረሻ አለው። ዓመት ሙሉ የሚቀጥል «ኮቺንግ» ካያችሁ አንድ ነገር ተበላሽቶ ወይም ደንበኛው ጥገኛ ሆኖ እንደሆነ ጠይቁ።

በብዛት የሚሠራበት ቅደም ተከተል ግሮው የሚባለው ነው፦ ግቡ ምንድን ነው፣ አሁን ያለው እውነታ ምን ይመስላል፣ ምን አማራጭ አለ፣ ምን ለማድረግ ወሰንሽ። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ እያለ ደንበኛው ራሱ እስኪደርስበት ዝም የሚል ሰው ብዙ አይገኝም፤ በተለይ እኛ ምክር መለገስ የምንወድ ሕዝብ ነን።

ለእኛ ኃላፊ ኮቹ እንዲህ ይላት ይሆናል፦ «ከምትሠሪው ውስጥ አንቺ ብቻ ልትሠሪው የምትችይው የቱ ነው?» «ጋሼን ብትጠይቂያቸው ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» «ይህ ፍርሃት ከአሁን በፊት የት ገጥሞሽ ያውቃል? ያኔስ ምን አደረግሽ?» ሥራ አለማካፈሏ ከእውቀት ማነስ ካልሆነ፣ ማለትም ካለመተማመን ወይም ከይሉኝታ ከመጣ፣ ይህ መንገድ ይሠራል። እንዲያውም ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ይሠራል።

አሁን ወደ ማረጋገጫው። ኮች ለመባል እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ አሜሪካና አውሮፓም ያው ነው። ዛሬ ማታ ስማችሁ ሥር ብትጽፉት ማንም አይከሳችሁም። ስለዚህ ሙያው ራሱ ያበጃቸውን ማረጋገጫዎች ማወቅ ያስፈልጋል። በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን፣ በምህፃሩ አይሲኤፍ ነው። ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ኤሲሲ ይባላል፤ ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የተግባር ልምድ ይጠይቃል። ቀጥሎ ፒሲሲ አለ፣ 125 ሰዓት ትምህርትና 500 ሰዓት ልምድ። የመጨረሻው ኤምሲሲ ነው፣ 200 ሰዓት ትምህርትና 2,500 ሰዓት ልምድ። ማረጋገጫው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የአውሮፓው የሜንተሪንግና ኮቺንግ ምክር ቤትም የራሱ ደረጃዎች አሉት። «ሰርቲፋይድ ነኝ» ያላችሁን ሰው «በማን? የትኛው ደረጃ? መቼ ታደሰ?» በሉት። አይሲኤፍ ድረ ገጹ ላይ ስም ፈልጎ ማጣራት ይቻላል፣ ደቂቃም አይፈጅም።

ሰዓት መቁጠር ጥሩ ኮች ያደርጋል ወይ? በራሱ አያደርግም። ግን የሦስት ቀን ወርክሾፕ ወስዶ ማግስቱን ቢሮ ከከፈተው ሰው ይለይላችኋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የኮቺንግ ብሮሸር ላይ «ስልጠና ብቻውን ምርታማነትን 22 በመቶ ይጨምራል፣ ከኮቺንግ ጋር ሲሆን 88 በመቶ» የሚል ነገር ታያላችሁ። ጥናቱ እውነተኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ። የተጠኑት ግን በአንድ የአሜሪካ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ 31 ኃላፊዎች ናቸው፣ የሚነጻጸሩበት ኮቺንግ ያልወሰደ ቡድንም አልነበረም። 88 በመቶ ብሎ ቃል የሚገባላችሁን ሰው ቀስ ብላችሁ እዩት።

ኮች የማይሠራበት ቦታ ግልጽ ነው። የእውቀት ጉድለት ሲሆን። ሰውየው ራሱ ሳይፈልግ ተገዶ ሲመጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድርጅቱ ሰውየውን ለማባረር ወስኖ «ዕድል ሰጥተነዋል» ለማለት ብቻ ኮች ሲቀጥርለት። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ጥሩ ኮች አይቀበልም።

## ሜንተር

ሜንተር መንገዱን የሄደበት ሰው ነው። «እኔ ያኔ እንዲህ አደረግሁ፣ እዚህ ጋ ተሳሳትኩ፣ እከሌን አናግሪ» ይላል። መልሱ እሱ ጋር አለ፣ ይሰጣችኋልም። ሰው ያስተዋውቃል፣ በር ያስከፍታል፤ ይህን ኮች አያደርገውም።

እኛ አገር ሜንተርሺፕ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ የተመደበ መምህር ልምድ ባለው መምህር ሥር ሆኖ የሁለት ዓመት የማለማመጃ መርሐ ግብር እንዲያልፍ በመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ተቀምጧል። ጤናው ዘርፍ ውስጥም ክሊኒካል ሜንተርሺፕ የታወቀ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ወይም ነርስ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዶ፣ አብሮ በሽተኛ እያየ፣ ጎን ለጎን ያሳያል። ኤችአይቪ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወርድ ብዙ የተሠራበት ዘዴ ነው።

ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው። ምስጋናና ቡና ይበቃል። ለዚህም ነው መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው።

ድክመቱስ? አንደኛ፣ የእሱ መንገድ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ወረቀት መዝገብ ይዞ ያደገ ሰው ሁሉም ነገር ሲስተም ላይ የሆነበትን ቢሮ በሩቁ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛውና ብዙም የማይወራው ይሉኝታ ነው። ታላቅ ሰው ጊዜውን ሰውቶ መክሮሽ «ምክሩ አልሠራልኝም» ብሎ መመለስ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሜንቲው፣ ማለትም ተመካሪው፣ «እሺ ጋሼ» እያለ ይወጣና የራሱን ያደርጋል ወይም ቀስ ብሎ ስልክ ማንሳት ያቆማል፣ ግንኙነቱም ማንም ሳይጣላ ይሞታል። መፍትሔው መጀመሪያውኑ ወሰን ማበጀት ነው። ለስድስት ወር፣ በወር አንዴ፣ ጥያቄዎቹን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ሲያልቅ እናየዋለን። ሽማግሌም ቢሆን ይህን ደስ ብሎት ይቀበላል።

የእኛ ኃላፊ ሌላ ክፍል የምትመራና ይኸው ነገር ያለፈባት ሴት ብታገኝ በሁለት ቀጠሮ ብዙ ይቀልላት ነበር። «እኔም ጋሼ ነበሩኝ» የሚላት ሰው። ሜንተሯ ግን የራሷ አለቃ መሆን የለበትም፤ ደሞዝ የሚወስንላችሁ ሰው ፊት ድክመት አይዘረገፍም።

የማዕረግ ነገር ካነሳን፣ የአሜሪካ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መናኸሪያ በሆነው ሲሊከን ቫሊ ውስጥ «ኮች» ሲባል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሰው ቢል ካምቤል ነው። የኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኝ ነበር። በኋላ ኢንቱይት የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ መራ፣ ከዚያም የአፕልና የጉግልን አለቆች ሲያማክር ኖረ። በእኛ መመዘኛ ሲታይ ግማሽ በግማሽ ሜንተር ነው፤ ኩባንያ መርቶ የሚያውቅ፣ የመሰለውንም ፊት ለፊት የሚናገር ሰው። ስሙን ትታችሁ ሥራውን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

አሜሪካ ሆናችሁ የራሳችሁን ሬስቶራንት ወይም የትራንስፖርት ሥራ ለጀመራችሁ ደግሞ ስኮር የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ከአሜሪካ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ጋር ይሠራል፣ ልምድ ካላቸው ነጋዴዎች ጋር በነጻ ያገናኛል። ገንዘብ ከፍላችሁ «ቢዝነስ ኮች» ከመያዛችሁ በፊት እዚያ ሂዱ።

## አማካሪ

አማካሪ፣ ማለትም ኮንሰልታንት፣ የሚቀጠረው ችግሩን ራሱ እንዲመረምርና መፍትሔ ይዞ እንዲመጣ ነው። ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ነው የሚያየው። የወር መዝጊያው ለምን ዘገየ? ደረሰኝ ከመጋዘን ዘግይቶ ነው የሚመጣው? አንድ ሰነድ ስንት ፊርማ ይፈልጋል? ሶፍትዌሩ ነው? ጥናቱን ይሠራል፣ ሰነድ ያስረክባል፣ ይሄዳል።

ጥሩ ምሳሌው ካይዘን የሚባለው፣ ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 30 ኩባንያዎች ላይ ተሞከረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ባለሙያዎቹ ፋብሪካ ወለል ላይ ወርደው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚባክን፣ ሠራተኛው ስንት እርምጃ በከንቱ እንደሚሄድ ያያሉ። እውቀቱን ከውጭ ይዘው ነው የሚገቡት።

ችግሩን ታውቁታላችሁ፦ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው ባለ ሰማያዊ ሽፋን ሪፖርት። ስለዚህ ክፍያውን ከርክክብ ጋር እሰሩት፣ የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ከሪፖርቱ ጋር ሳይሆን ከትግበራው ጋር።

## አሰልጣኝ

ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሳያውቅ ሲቀር አሰልጣኝ ቅጠሩ። አዲስ ሶፍትዌር፣ አዲስ የግዥ መመሪያ፣ የሪፖርት አጻጻፍ፣ የቡድን አመራር መሠረታዊ ነገሮች። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከሁሉም ርካሹ ነው።

ርካሽነቱ የሚጠፋው ቢሾፍቱ ሲደርስ ነው። ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ የውሎ አበል፣ የሻይ ሰዓት፣ የቡድን ፎቶ። አንዳንዴ አሰልጣኙ ከወጪው ሁሉ ትንሹን ነው የሚወስደው። አሰልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከስልጠናው ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰህ ታየናለህ? ለመምጣት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ያስተማረው ሥራ ላይ መዋሉ አያስጨንቀውም።

ለኃላፊዋ የአመራር ስልጠና ይጠቅማት ይሆን? ቡድን መምራት ማለት ምን እንደሆነ ማንም ነግሯት የማያውቅ ከሆነ አዎ። ጋሼን በተመለከተ ግን ከስላይድ ብዙ አትጠብቁ።

አነቃቂ ተናጋሪ? እሱን ከእነዚህ ጋር አልመደብኩትም። የዓመት በዓል ዝግጅት ላይ ሰው ፈታ እንዲል ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። በጀቱን ግን ከመዝናኛ አውጡት፣ ከሰው ኃይል ልማት አይሁን።

## የሥነ ልቦና አማካሪ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ኃላፊዋ ሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ ልቧ የሚመታና ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ፣ ይባስ ብሎ መኖር ካስጠላት፣ ኮችም ሜንተርም አይደለም የሚያስፈልጋት። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ትሂድ። የአይሲኤፍ ደንብም ኮቹ ከሙያው በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ወደሚመለከተው ባለሙያ እንዲመራ ይፈልጋል። «ዲፕሬሽንሽን በስድስት ሴሽን እፈታዋለሁ» የሚላችሁ ኮች ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስሙን ፈርቶ ግን የሚሸሸው ብዙ ነው። ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አሜሪካ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ ድጋፍ ፕሮግራም፣ በምህፃሩ ኢኤፒ፣ እንዳለው ጠይቁ። ብዙ ድርጅቶች የተወሰኑ ቀጠሮዎችን በነጻ ይሰጣሉ፤ የሀገራችን ልጆች መኖሩን ሳያውቁ ይቀራሉ፣ ወይም «አለቃዬ ይሰማል» ብለው ይፈራሉ። ያወራችሁት ነገር በመደበኛው ለአለቃ አይደርስም።

## የቅርብ አለቃ

አሁን ወደተረሳው ሰው። ኃላፊዋ ስታድግ አለቃዋ ምን አደረገ? የዕድገት ደብዳቤ ሰጣት። ከዚያስ? አምስቱን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት፣ ሪፖርት ለእሷ ነው የምታቀርቡት» አለ? ጋሼን ለብቻ ጠርቶ «እርስዎ ያሳደጓት ልጅ ናት፣ አሁን ደግሞ ይደግፉልኝ» አለ? የቀድሞ ሥራዋን የሚሸፍን ሰው ተቀጠረ ወይስ ሁለቱንም ደርባ ነው የምትሠራው? የሥራ መዘርዝሯ ተቀየረ?

እነዚህ ካልተደረጉ የስድስት ወር ኮቺንግ የአሥር ደቂቃ ስብሰባ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ሲያባብል ይከርማል። ኮች ሥልጣን የለውም። ሰው አይቀጥርም፣ ጋሼን አያዝም፣ የሥራ ጫና አይቀንስም። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው አለቃ ነው፣ እሱ ደግሞ ደሞዙ ውስጥ ተከፍሎታል። «ኮች ይቀጠርላት» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ «እኔ ማናገር የማልፈልገውን ሰው ሌላ ያናግርልኝ» ማለት ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሩ ማኔጀር ምን እንደሚያደርግ ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ የወጣው «ጥሩ ኮች ነው» የሚል ነው። አለቃ የኮችን ዘዴ መዋስ ይችላል ማለት ነው፣ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ። ሙሉ ኮች ግን መሆን አይችልም። የዓመቱን ምዘና የሚሞላው እሱ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉን አይነግረውም፣ ባይነግረውም አይፈረድበትም።

አዲስ ተቀጣሪ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ አይፈቅድም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የስድስት ወር ኮቺንግ ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ሰውየው ቋሚ ሆኗል ወይም ሄዷል። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የሚያናግረው አለቃና ሥራውን የሚያሳየው የሥራ ባልደረባ ነው።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | መልሱ ማን ጋር ነው | አጀንዳ የሚያወጣው | የተለመደ ጊዜ | የተወራው የት ይደርሳል | አከፋፈል |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮች | ሠራተኛው ጋር | ሠራተኛው፣ ከድርጅቱ ጋር በተስማሙበት ግብ ውስጥ | 3–6 ወር | እዚያው ይቀራል፣ ውሉ ላይ ከተጻፈ | በሴሽን ወይም በጥቅል |
| ሜንተር | ሜንተሩ ጋር፣ ከልምድ | ሁለቱም | ከወራት እስከ ዓመታት | በመተማመን | ብዙውን ጊዜ ነጻ |
| አማካሪ | አማካሪው ጋር፣ ከጥናት | ድርጅቱ | በፕሮጀክቱ | ሪፖርት ይቀርባል | በርክክብ ወይም በቀን |
| አሰልጣኝ | አሰልጣኙ ጋር | ድርጅቱ | 1–5 ቀን | የቡድን ስለሆነ ምስጢር የለም | በቀን ወይም በሰው |
| የሥነ ልቦና አማካሪ | ሁለቱ አብረው ይፈልጉታል | ታካሚው | እንደ ሁኔታው | በሙያ ግዴታ ይጠበቃል | በቀጠሮ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት ሽፋን |
| የቅርብ አለቃ | አለቃውና መሥሪያ ቤቱ ጋር | አለቃው | ሁልጊዜ | ምዘና ውስጥ ይገባል | ደሞዙ ውስጥ ነው |

## ለማን የትኛው?

በጀት የሌለው ትንሽ ድርጅት። ከአለቃ ጀምሩ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት፣ ከሠራተኛው ጋር ለብቻ፣ ስልክ ተዘግቶ። ከዚያ ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ድርጅት ሜንተር ፈልጉ። ሁለቱ ሳይሞከሩ ብር አታውጡ።

መካከለኛ በጀት፣ ብዙ አዳዲስ ኃላፊዎች። አጭር ስልጠና፣ ቀጥሎ የቡድን ኮቺንግ። ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ኃላፊዎች አንድ ኮች ይዘው በየሦስት ሳምንቱ ይገናኛሉ። ወጪው ስለሚካፈል ለአንድ ሰው ከሚደረገው በጣም ይቀንሳል፣ ኃላፊዎቹም እርስ በርስ ይማማራሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አለቃና የበታቹን አንድ ቡድን ውስጥ አትክተቱ፣ ማንም አፉን አይከፍትም።

ደህና በጀት፣ አንድ ወሳኝ ሰው። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ነገ ዋናውን ይተካል። የአንድ ለአንድ ኮቺንግ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ነው። ደረጃው ፒሲሲ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከኪሱ የሚከፍል ሠራተኛ። ሥራ ልቀይር ወይስ ልቆይ የሚል ውሳኔ ላይ ከሆናችሁ ሦስት አራት ሴሽን ሊበቃ ይችላል፤ የ12 ሴሽን ጥቅል አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ልምምድ ላይ ያሉ ኮቾች ለማረጋገጫው ሰዓት መሙላት ስላለባቸው በቅናሽ ይሠራሉ፣ ጠይቁ። ውጭ አገር ከሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ኮቾች ጋር በዙም መሥራትም ይቻላል፤ ክፍያው በዶላር መሆኑንና አለመሆኑን ግን ቀድማችሁ አጣሩ።

ሁለት ሰዎች ተጣልተው ቢሮው የተረበሸበት። ከስድስቱ አንዳቸውም ቀጥተኛ መልስ አይደሉም። ሁለቱም የሚያከብሩት ገለልተኛ ሰው ያስታርቃቸው። ይህን እንኳ እናውቅበታለን።

## ኮች ከመረጣችሁ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ብዙ ኮቺንግ የሚፈርሰው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ድርጅት ሲከፍል ውሉ ባለ ሦስት ወገን ነው። ከፋዩ፣ ሠራተኛውና ኮቹ። ከፋዩ «በገንዘቤ ነው፣ ምን እንደተባለ ልወቅ» ይላል። ሠራተኛው ይህን ከጠረጠረ ስድስት ወር ሙሉ ስለ አየሩ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ገና ሲጀመር ሦስቱም አንድ ላይ ይቀመጡና ግቡን ይስማሙ። ለምሳሌ፦ በአራት ወር ውስጥ የወር መዝጊያ ሥራው ለአምስቱ ተከፋፍሎ ኃላፊዋ የምትሠራው የማጣራቱን ብቻ ይሆናል። ይህ ለሁሉም ይታያል። ከዚያ በኋላ ለድርጅቱ የሚነገረው ቀጠሮ ተከብሯል ወይስ አልተከበረም የሚለው ብቻ ነው፣ ለውጡን አለቃዋ በዓይኑ ያየዋል። የተቀረው የሁለቱ ነው። ከዚህ ውጭ የሚሆነው፣ ለምሳሌ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ሲሰማ ኮቹ ምን እንደሚያደርግ፣ በግልጽ ይጻፍ።

ሌላው፣ ሠራተኛዋ ኮቹን ትምረጥ። ሁለት ሦስት ሰው አቅርቡላትና ከእያንዳንዳቸው ጋር ለሃያ ደቂቃ በነጻ ታውራ፤ አብዛኞቹ ኮቾች ይህን ይፈቅዳሉ። ሳትስማሙ ብትቀሩ በሁለተኛው ሴሽን ላይ ማቋረጥ የሚቻልበት አንቀጽ ይግባ። የቀረ ቀጠሮ ይከፈልበታል ወይስ አይከፈልበትም? ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምራል? ደረሰኝ አለ? ፕሮፎርማው ላይ ካልተጻፈ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

በዚያ የሃያ ደቂቃ ወሬ ላይ እነዚህን ጠይቁ፦

- ከእኔ ዓይነት ጉዳይ ጋር ስትሠራ አንድ ሴሽን ምን ይመስላል?
- ኮቺንግ አይጠቅምህም ብለህ የመለስከው ሰው አለ? ለምን መለስከው?
- አለቃዬ ደውሎ «እንዴት ናት?» ቢልህ ምን ትለዋለህ?

ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሰማ «እኔ ለሁሉም እሠራለሁ» ያለውን ሰው ከዝርዝራችሁ አውጡት። ሦስተኛውን ሲሰማ የሚያመነታውንም እንደዚያው።